ሁለቱ መዝገቦች፦ የግል ካፒታል፣ ልማትና የመጠየቅ መብት ከኖርዌይ ፏፏቴዎች እስከ አዋሽ ሸለቆ

መግቢያ

ከአንድ ትውልድ ወዲህ የልማት ተራድኦ ቋንቋ ተለውጧል። ለጋሽ መንግሥታትና ታላላቅ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ስለ ስጦታ የሚናገሩት እየቀነሰ፣ ስለ አክሲዮን፣ ስለ ብድር ዋስትናና ስለ ትርፍ የሚናገሩት እየበዛ ሄዷል። በ2007 የሮክፌለር ፋውንዴሽን በኢጣልያ ቤላጆ በጠራው ስብሰባ ላይ ለዚህ አሠራር የወል ስም ወጣለት። ይኸውም ለባለገንዘቡ ትርፍ፣ ለድሃው ኅብረተሰብ ደግሞ የሚለካ ጥቅም ባንድነት አስገኛለሁ የሚለው መዋዕለ ነዋይ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ስሙ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። ሀገራችን ይህን ዓይነቱን ገንዘብ ከ1950ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ታውቀዋለች።

ይህ ጽሑፍ የሚያቀርበው ክርክር በአንድ ነጥብ ላይ ያተኩራል። ካፒታል ከየትም ይምጣ፣ ዓላማውም ምንም ይሁን፣ ሥራው በሁለት መዝገብ ሊሰፍር ይገባል። በመጀመሪያው መዝገብ ወጪ፣ ገቢና ትርፍ ይጻፋሉ፤ ይህን ባለገንዘቡ በሚገባ ያስመረምረዋል። በሁለተኛው መዝገብ ደግሞ መሬቱን የለቀቀው፣ ውሃውን የጠጣው፣ በጉልበቱ ያደረው ሕዝብ ያገኘውና ያጣው ሊጻፍ ይገባል። የሁለተኛው መዝገብ ጸሐፊ ማን ነው? መርማሪውስ? የአንድ መዋዕለ ነዋይ ታሪካዊ ዕጣ የሚወሰነው ከገንዘቡ ምንጭ ይልቅ ለእነዚህ ሁለት ጥያቄዎች በሚሰጠው መልስ መሆኑን ለማሳየት እንሞክራለን። ለማነጻጸሪያ የመረጥናት ኖርዌይ ናት። ምክንያቱም ዛሬ ኦስሎ የገንዘብ ላኪ ከተማ ብትሆንም፣ ከመቶ ዓመት ጥቂት ዘለል ባለ ጊዜ ውስጥ ከተቀባይነት ወደ ሰጪነት የተሻገረች ሀገር ዋና ከተማ ናትና።

1. ኖርዌይ የሰው ገንዘብ ፈላጊ በነበረችበት ዘመን

ኖርዌይ ከስዊድን ጋር የነበራትን አንድነት አፍርሳ ራሷን የቻለችው በ1905 ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር መሐንዲሱ ሳም ኤይዴ፣ የፊዚክስ ሊቁ ክሪስቲያን ቢርክላንድ ከአየር ናይትሮጅን ወስዶ ማዳበሪያ ለመሥራት በቀየሰው ዘዴ ላይ ተመሥርቶ ኖርስክ ሃይድሮ የተባለውን ኩባንያ አቋቋመ። ዘዴው እጅግ ብዙ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቅ ነበር። ፏፏቴው በኖርዌይ ነበረ፤ ገንዘቡ ግን አልነበረም። ስለዚህ ካፒታሉ በአብዛኛው የመጣው ከፓሪስ ባንኮችና ከስዊድናውያኑ ከቫለንበርግ ቤተሰብ ነው። ሩቅ በነበረው የሩካን ሸለቆ ፋብሪካና ከተማ ያቆመው እንግዲህ የውጭ የግል ካፒታል ነበር።

በዚያን ጊዜ ለኃይል ማመንጫነት ከለሙት ታላላቅ ፏፏቴዎች አብዛኞቹ በውጭ ዜጎች እጅ ገብተው ነበር። ያን ጊዜ ክሪስቲያኒያ ትባል በነበረችው በዛሬዋ ኦስሎ የተሰበሰበው ፓርላማ በ1906 በጥድፊያ አንድ ሕግ አወጣ፤ ሕዝቡም «የድንጋጤ ሕግ» አለው። በ1909 እና በ1917 የወጡት ሕጎች ደግሞ ነገሩን መልክ አስያዙት። በጠቅላይ ሚኒስትር ጉናር ክኑድሰንና በዮሐን ካስትበርግ ግንባር ቀደምትነት የተቀረጸው ሥርዓት የውጭውን ገንዘብ አላባረረም። ፈቃዱ ከ60 እስከ 80 ዓመት እንዲጸና፣ ዘመኑ ሲያልቅ ግን ፏፏቴውና የኃይል ማመንጫው ያለ ካሣ ለመንግሥት ተመላሽ እንዲሆን ደነገገ። ባለፈቃዱ ከኃይሉ ለአካባቢው ማዘጋጃ ቤት ድርሻ እንዲሰጥ፣ ለሠራተኛው ደኅንነት ግዴታ እንዲገባም አደረገ። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1918 ሕጉ ጸና።

ሕጉን ያወጣው ፓርላማ ለመራጩ ሕዝብ ተጠሪ የነበረ መሆኑን ልብ ይሏል። ወንዶች ሁሉ የመምረጥ መብት ያገኙት በ1898፣ ሴቶች ደግሞ በ1913 ነው። በፏፏቴው ሥር የሚኖረው ገበሬ ሁለተኛውን መዝገብ በራሱ እጅ ባይጽፈውም፣ ጸሐፊውን በድምፁ ይሾምና ይሽር ነበር።

ይህን ስንል ኖርዌይን ያለ ነውር ማቅረባችን አይደለም። የሰሜኑ የሳሚ ሕዝብ ከዚህ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ውጭ ሆኖ ኖሯል። በፎሰን የሳሚ አጋዘን አርቢዎች የግጦሽ ምድር ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ፈቃድ የሳሚን መብት የጣሰ መሆኑን የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የፈረደው በጥቅምት 2021 ነው። ከዚያም በኋላ ማሽኖቹ መዞራቸውን አላቆሙም። በ2023 ክረምት ወጣቶች በኦስሎ የሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶችን በር ዘግተው ከተቀመጡ በኋላ ነው በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ ስምምነት የተደረሰው። ሆኖም አርቢው የሚከስበት ፍርድ ቤት፣ ወጣቱም የሚቀመጥበት በር ነበረው። የመጠየቅ መብት ማለት ይኸው ነው።

2. ወንጂ፦ የስኳርና የውሃ ታሪክ

ከሩካን ወደ አዋሽ ስንሻገር የምናገኘው የካፒታል ዓይነት ተመሳሳይ ነው፤ የተለየው ካፒታሉ የሰፈረበት የፖለቲካ ምድር ነው። ኤች.ቪ.ኤ. በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የሆላንድ ኩባንያ በ1879 በአምስተርዳም ተቋቁሞ በጃቫ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የከበረ ነበር። ኢንዶኔዥያ ነጻነቷን ስታውጅ ኩባንያው ሌላ ምድር መፈለግ ግድ ሆነበት። በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በወንጂ ሜዳ 5,000 ሄክታር ያህል መሬት ተቀበለ፤ ፋብሪካውም በ1954 ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ በ1962 የሸዋ ፋብሪካ፣ በ1960ዎቹ መጨረሻ ደግሞ መተሐራ ተከተሉ። ከአክሲዮኑ ጥቂቱ ለኢትዮጵያውያን ተሸጧል። የዓለም ባንክ ቅርንጫፍ የሆነውና በ1956 የግሉን ዘርፍ ለመደገፍ የተመሠረተው ዓለም አቀፍ የገንዘብ ኮርፖሬሽንም በዚያው አሥርት ዓመት በመተሐራ ስኳር፣ በድሬ ዳዋ ጥጥና በወንጂ ወረቀት ፋብሪካዎች ገንዘቡን አዋለ። ትርፍንና ልማትን አጣምራለሁ የሚለው ካፒታል፣ የዛሬ ስሙ ሳይወጣለት፣ በአዋሽ ዳር ሥራውን ጀምሮ ነበር ለማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው መዝገብ የሚያኮራ ነበር። ሀገሪቱ ከውጭ ታስገባው የነበረውን ስኳር በራሷ ማምረት ቻለች። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች የደመወዝ ሥራ አገኙ፤ ብዙ ወጣቶች ተራ ሠራተኛ ሆነው ገብተው የመካኒክነትና የኬሚስትነት ሙያ ቀስመዋል። በልጅነቱ የወንጂን ደስታ ከረሜላ ያልቀመሰ የእኛ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ይህን ሁሉ መካድ ታሪክን ማዛባት ይሆናል።

ሁለተኛው መዝገብ ግን ሌላ ይናገራል። ወንጂ ባዶ ሜዳ አልነበረም። የጂሌ ኦሮሞ ከብቱን የሚያሰማራበትና የሚያርስበት ምድር ነበር። በመተሐራም የከረዩ ኦሮሞ በእርሻው፣ ቀጥሎም በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ምክንያት የበጋ ግጦሹንና የወንዙን ዳር አጣ። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በወንጂ-ሸዋ ላይ ባደረጉት ጥናት ካፒታልና አካባቢ የተገናኙበትን ሁኔታ ከመሠረቱ አሳይተዋል። ከዚህም የከፋ፣ ለዓይን የማይታይ ኪሣራ ነበረ። የስምጥ ሸለቆው የጉድጓድ ውሃ ብዙ ፍሎራይድ አለበት። በየመንደሩ ይህን ውሃ ለዓመታት የጠጡት ሠራተኞችና ልጆቻቸው ጥርሳቸው በለዘ፤ ከረጅም ዓመታት በኋላ ደግሞ የብዙዎቹ አከርካሪ ደርቆ ጎበጠ። ዶክተር ረዳ ተክለ ሃይማኖትን የመሰሉ ሐኪሞች በሽታውን በጥናት እስኪያሳዩ ድረስ የእርሻው ሥራ ከተጀመረ አሥርተ ዓመታት አልፈው ነበር። ስንት ኩንታል ስኳር እንደተመረተ በየዓመቱ ተመዝግቧል። የጎበጠው ወገብ ግን በየትኛው ዓምድ ይገባ ነበር?

ውሉ በተፈረመበት በ1951 ኢትዮጵያ የተመረጠ ምክር ቤት አልነበራትም፤ የመጀመሪያው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ የተደረገው በ1957 ነው፤ ያውም ያለ ፖለቲካ ፓርቲ። ጂሌው የሚመርጠው ካስትበርግ አልነበረውም። የመጠየቁን ሥራ ከታች የጀመሩት ሠራተኞቹ ራሳቸው ናቸው። የወንጂ ሠራተኞች በተደጋጋሚ ሥራ አቁመዋል፤ በ1963 ለተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበራት ኮንፌደሬሽንም ከዋነኞቹ ምሰሶዎች አንዱ ማኅበራቸው ነበር። የሁለተኛው መዝገብ የመጀመሪያ ገጾች የተጻፉት በእነርሱ እጅ ነው።

3. ባለቤቱ ሲለወጥ

በየካቲት 1975 ደርግ የግል ኢንዱስትሪዎችን ሲወርስ ወንጂም መተሐራም የሕዝብ ንብረት ተባሉ። ብዙዎቻችን በዚያን ጊዜ ችግሩ በባለቤትነቱ ላይ ነው ብለን እናምን ስለነበር የተፈታ መሰለን። ነገር ግን ያው የተወረሰው መሬት ለከረዩ አልተመለሰለትም። ነጻው የሠራተኛ ኮንፌደሬሽንም በዚያው ዓመት ታግዶ በኋላ በመንግሥት በተደራጀ ማኅበር ተተካ። ባለአክሲዮኑ ከአምስተርዳም ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ እንጂ ሁለተኛው መዝገብ አልተከፈተም።

ከ1991 በኋላም ይኸው ሥርዓት በአዲስ መልክ ቀጥሏል። ከ2011 ጀምሮ በደቡብ ኦሞ የተጀመረው የኩራዝ ስኳር ልማት የመንግሥት ሥራ ነበር፤ ቦዲና ሙርሲ በኦሞ ዳር የደረሰባቸው ግን ጂሌና ከረዩ በአዋሽ ዳር ከደረሰባቸው ጋር ይመሳሰላል። በ2022 ደግሞ መንግሥት ስምንት የስኳር ፋብሪካዎችን ለግል ባለሀብቶች ለመሸጥ ጨረታ አወጣ። ከግል ወደ መንግሥት፣ ከመንግሥት ወደ ግል በተደረገው በዚህ የሰባ ዓመት ምልልስ ውስጥ ያልተለወጠው በመሬቱ ላይ ያለው ሰው አለመጠየቁና መጠየቅም አለመቻሉ ነው። እንግዲህ «የግል ወይስ የመንግሥት?» የሚለው፣ ትውልዳችንን ለሁለት የከፈለው ክርክር፣ የጉዳዩን ግማሽ ብቻ ይነካ እንደነበር ዛሬ ረጋ ብሎ ማየት ይቻላል።

4. ከኦስሎ የተላከው ገንዘብ

ኖርዌይ በነዳጅ ከበለጸገች በኋላ ራሷ ካፒታል ላኪ ሆነች። በ1997 በፓርላማዋ ሕግ ኖርፈንድ የተባለውን የታዳጊ ሀገሮች የመዋዕለ ነዋይ ድርጅት አቋቋመች። መሥሪያ ቤቱ በኦስሎ ነው፤ ባለቤቱ መንግሥት ነው፤ ካፒታሉ ከእርዳታ በጀት ይመደባል፤ አሠራሩ ግን የግል ኩባንያዎችን አክሲዮን መግዛትና ማበደር ነው። እንግሊዝ በ1948፣ ሆላንድም በ1970 ተመሳሳይ ድርጅት አቋቁመው ነበር። በ2022 ደግሞ ኖርፈንድ በአምስት ዓመት 10 ቢሊዮን ክሮነር የሚመደብለትን የአየር ንብረት መዋዕለ ነዋይ ፈንድ ማስተዳደር ጀመረ።

በኢትዮጵያ ኖርፈንድ ከባለአክሲዮኖቹ አንዱ ከሆነባቸው ድርጅቶች ውስጥ በላይኛው አዋሽ፣ በቀድሞ የመንግሥት እርሻ ላይ የተቋቋመው የጢቢላ የፍራፍሬ ጭማቂ አክሲዮን ማኅበር ይገኝበታል። በጥቅምት 2016 መጀመሪያ፣ በቢሾፍቱ የእሬቻ በዓል ላይ የብዙ ሰው ሕይወት ባለፈ በሁለት ቀን ውስጥ፣ ቁጣው ወደ ፋብሪካዎችና እርሻዎች ሲዞር በብዙ መቶ የሚቆጠሩ ሰዎች የጢቢላን ፋብሪካ ወረው መሣሪያዎቹን ሰባበሩ። ቁጣው በዋነኛነት የመንግሥት ላይ ቁጣ እንደነበረ ግልጽ ነው፤ ኩባንያውን ብቻውን ጥፋተኛ ማድረግም ፍርደ ገምድልነት ይሆናል። ሆኖም ጉዳዩ አንድ ነገር ያስተምራል። በሪፖርት ላይ ስለ ሥራ ዕድልና ስለ ገቢ የሰፈረው ቁጥር ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን የቁጥሩ ጸሐፊና አንባቢ ሁለቱም ሩቅ ከሆኑ፣ በአጥሩ ውጭ የተጠራቀመውን ቅሬታ አይናገርም። ሰላማዊው የመጠየቂያ በር ሲዘጋ ጥያቄው በእሳትና በድንጋይ ይቀርባል።

የያራ ታሪክ ደግሞ የበለጠ ይቀርበናል። ያራ ኢንተርናሽናል በ2004 ከኖርስክ ሃይድሮ ተለይቶ የወጣ የማዳበሪያ ኩባንያ ነው፤ ማለትም የዚያ በ1905 በውጭ ገንዘብ የተወለደው ድርጅት ልጅ። የኖርዌይ መንግሥት ከአንድ ሦስተኛ በላይ የሆነውን አክሲዮን ይዟል። በመስከረም 2005 ኩባንያው «ለአፍሪካ አረንጓዴ አብዮት» በሚል ያዘጋጀውን የመጀመሪያ ሽልማት፣ ከ200,000 ዶላር ጋር፣ በኦስሎ ለጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሰጠ። ከሦስት ወር በፊት፣ በሰኔ፣ በምርጫው ውጤት ሳቢያ ሰልፍ የወጡ ዜጎች በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ ተገድለዋል። ከሁለት ወር በኋላ፣ በኅዳር፣ ግድያው ተደግሞ የተቃዋሚ መሪዎች ታሠሩ። በፓርላማው የተቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን በሁለቱ ወራት የተገደሉትን ሲቪሎች 193 ብሎ ቆጥሯል። በሽልማቱ ሚዛን ላይ የተቀመጠው የእህል ምርት ነበር፤ በዚያው ዓመት በአደባባይ የወደቁት ሰዎች ቦታ አላገኙም። ያራ በ2012 ወደ ዳሎል የፖታሽ ልማት ገባ፤ በ2017ም 740 ሚሊዮን ዶላር ይፈጃል ለተባለው ሥራ የማዕድን ፈቃድ ተቀበለ። በዓመት 600,000 ቶን ያስገኛል የተባለው ማዕድን ግን በታሰበው ጊዜ አልወጣም።

ይህንኑ ኩባንያ በሀገሩ ማን እንደጠየቀው ደግሞ እንመልከት። በጥር 2014 ያራ በሊቢያ፣ በሕንድና በሩስያ በተከፈለ ጉቦ ምክንያት የኖርዌይ የኢኮኖሚ ወንጀል ዐቃቤ ሕግ የጣለበትን የ295 ሚሊዮን ክሮነር ቅጣት ተቀብሏል። ኖርፈንድም በመጋቢት 2020 ወደ ካምቦዲያ ሊላክ የነበረ 100 ሚሊዮን ክሮነር ያህል በኮምፒዩተር አጭበርባሪዎች ሲወሰድበት፣ በግንቦት ራሱ ለሕዝብ አስታውቋል። የመጀመሪያው መዝገብ ሲጎድል በሁለት ወር ውስጥ ታወቀ። የወንጂ ውሃ ጉዳት እስኪታወቅ ከወሰደው ዘመን ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ የሁለቱን መዝገቦች ደረጃ በግልጽ ያሳያል።

5. ጠያቂው ማን ይሁን?

በሀገራችን ጠያቂውን ዝም ማሰኘት አንዳንዴ በአዋጅ ጭምር ሲፈጸም ቆይቷል። የውጭ ባለሀብት ሰፋፊ የእርሻ መሬት እንዲወስድ በሚጋበዝበት በዚያው ጊዜ፣ በ2009 የወጣው አዋጅ ቁጥር 621፣ ከገቢያቸው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ማኅበራት በሰብዓዊ መብት ጉዳይ እንዳይሠሩ ከለከለ። የውጭ ካፒታል እንዲገባ በሩ ተከፍቶ ሳለ፣ ስለ ካፒታሉ የሚጠይቀው ወገን የውጭ ድጋፍ እንዳያገኝ ተዘጋበት። አዋጁ በ2019 ተሽሯል፤ ያጠፋው የአሥር ዓመት የምርመራና የምዝገባ ሥራ ግን በመሻሩ ብቻ አይተካም።

ጥያቄው ዛሬ ይበልጥ አስቸኳይ ሆኗል። በሐምሌ 2024 የብር ምንዛሪ ለገበያ ተለቀቀ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ባንኮች ለውጭ ባለሀብቶች የሚከፈቱበት ሕግ ጸደቀ። በጥር 2025 የኢትዮጵያ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ ሥራውን ጀመረ። ከእንግዲህ የሚመጣው የግል ካፒታል ከኤች.ቪ.ኤ. ዘመን በብዙ እጥፍ ይበልጣል ተብሎ ይጠበቃል፤ ብዙውም የበጎ ውጤት ማረጋገጫ ይዞ ይመጣል። ማረጋገጫውን የሚሰጡት ራሱ ባለገንዘቡ የሚከፍላቸው ባለሙያዎች ከሆኑ፣ 1951 በአዲስ ወረቀት ላይ ይደገማል።

በስደት ላይ ያለነው ምሁራን በዚህ ረገድ ያለን አቅም ከምናስበው ይበልጣል። በኖርዌይ ከሐምሌ 1 ቀን 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የግልጽነት ሕግ፣ ትላልቅ ኩባንያዎች በሥራቸውና በአቅራቢዎቻቸው ዘንድ የሰብዓዊ መብትና የሥራ ሁኔታ አደጋዎችን እንዲመረምሩ ያስገድዳል። ማንኛውም ሰው በጽሑፍ ሲጠይቅ ኩባንያው በመደበኛው ሁኔታ በሦስት ሳምንት ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። የአፋር አሞሌ ነጋዴም ሆነ የከረዩ አርብቶ አደር ይህ መብት አለው፤ ግን ቋንቋው፣ አድራሻውና የሕጉ ዕውቀት ከእርሱ ርቀዋል። በኦስሎ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ዘንድ ግን ሦስቱም አሉ።

መደምደሚያ

ከዚህ በላይ የቀረበው ታሪክ የሚጠቁመን ተግባር ሰፊ ቢሆንም የሚጨበጥ ነው። በየሀገሩ ተበትነው የሚገኙ የቀድሞ የወንጂና የመተሐራ ሠራተኞች ቃል ሳይረፍድ ይመዝገብ። ከውጭ ኩባንያዎች ጋር የተፈረሙት ውሎች ከየቤተ መዛግብቱ ይሰብሰቡ። በሕግ የተፈቀደው ጥያቄ በጽሑፍ ይቅረብ፤ መልሱም በአማርኛ፣ በኦሮምኛና በአፋርኛ ተተርጉሞ ጉዳዩ ለሚመለከተው ሕዝብ ይድረስ። ይህ ከአንድ ፓርቲ መርሐ ግብር ጋር የሚታሰር ሥራ አይደለም፤ ስለ ግልና ስለ መንግሥት ባለቤትነት የተለያየ አቋም ያለን ሁሉ ልንካፈለው እንችላለን።

ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም ይባላል። ባለቤቱ ግን ጮኋል፤ በወንጂ ሥራ አቁሞ ጮኋል፤ በጢቢላ ድንጋይ አንሥቶ ጮኋል። የቀረው ጩኸቱን ወደ መዝገብ መለወጥ ነው፤ ባለገንዘቡ ተቀምጦ በሚወስንበት ከተማ የምንኖረው እኛም ብዕሩም ወረቀቱም በእጃችን ነው።